ባለተራው የማይናገርበት ልብ ወለድ

ጵርስቅላ የተወለደችው ዱራሜ አጠገብ ነው፤ ያገባችው ሆሳዕና። በእናቷ ቤት ከምባትኛ፣ በባሏ ወላጆች ቤት ሐድይኛ፣ በምታስተምርበት አራተኛ ክፍል አማርኛ ትናገራለች። በሦስቱም ቋንቋዎች የባሏን አባት ስም ጠርታ አታውቅም። በአገሩ ደንብ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። ስሙ የግድ የሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ስትደርስ ዝም ትላለች፤ አጠገቧ ያለ ሰው ይሞላላትና ወሬዋን ትቀጥላለች።

አማትየው አቶ ላፌቦ ይባላሉ። ከሆሳዕና ጧት የተነሣ ሰው ምሳ ሳያልፈው በሚደርስበት መንደር ይኖራሉ። የገበሬ ማኅበሩ የፍርድ ሸንጎ ከተቋቋመ በኋላም ባለጉዳይ መጀመሪያ እሳቸው ደጅ ይመጣል። ንግግራቸው ረጅም ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መንደሩ ሲደርስ እሳቸውም ደብተር ይዘው ገብተው ነበር፤ ፊደል ከቆጠሩ በኋላ ግን ተዉት። ከብዷቸው አይደለም።

«አንድ ሰው ብቻውን እየተናገረ ሌላው ሁሉ የሚሰማበት ቦታ ምን ያደርግልኛል?» አሉ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ገነቴ ይህን ሲሰሙ የሻሻቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ወይዘሮዋ እስከ መጨረሻው ተምረው የምስክር ወረቀት ተቀብለዋል።

ጵርስቅላ ስለዚህ ቤት ልብ ወለድ ለመጻፍ የተነሣችው ባገባች በሁለተኛው ዓመት፣ በ1974 ነው። ሐሳቧ ቤቱ ከተሠራበት ቀን ጀምራ በዘመን ቅደም ተከተል እስከ ራሷ ሠርግ ለመውረድ ነበር። በየእሑዱ ከባሏ ከአክሊሉ ጋር ወደ መንደሩ ትሄድና ትጠይቃለች። ችግሩ ከመጀመሪያው ጥያቄ ጀመረ።

«ቤቱ የተሠራው ትልቁ በረዶ የጣለ ዓመት ነው» አሉ አቶ ላፌቦ። «በረዶው ካለፈ በኋላ።»

«በረዶው ሲጥል እኮ ጣሪያው ተከድኗል» አሉ ወይዘሮ ገነቴ። «የበሳውን የደፈንኩት እኔ ነኝ።»

«ሁለታችሁም ተሳስታችኋል» አለች ዓለሚቱ። የአክሊሉ ታናሽ እህት ነች፤ አሥራ አንደኛ ክፍል ትማራለች።

«አንቺ ያኔ የት ነበርሽና?» አሉ አቶ ላፌቦ።

«አልተወለድኩም። ግን ሁለታችሁም የምትሉትን ስሰማ ነው ያደግኩት። አንድ ቀን ተስማምታችሁ አታውቁም።»

ጵርስቅላ የአንዱን ጽፋ የሌላውን ስትሰማ ትሰርዛለች፤ የሌላውን ጽፋ ለመጀመሪያው ታዝንለታለች። አክሊሉ የገበሬዎች አገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበር ጸሐፊ ነው፤ ነገር ማሳጠር ይወዳል።

«የአንዱን ምረጪና ጻፊ» አላት። «ልብ ወለድ አይደል?»

«የማንን ልምረጥ?»

«የኔን።»

መንገዱን ያገኘችው ሐምሌ ላይ ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሕፃን ልጇን ይዛ መንደር ከርማ ነበር። የመንደሩ ሴቶች ዊጆ አላቸው። ዊጆ የቅቤ ማኅበር ነው። አንዲት ላም ያላት ሴት ብቻዋን ለመስቀል የሚበቃ ቅቤ ማጠራቀም አትችልም፤ ስለዚህ ሁሉም በቀጠሮው ቀን የየድርሻቸውን ያመጣሉ፤ የመጣው በሙሉ ለአንዷ ይሰጣል፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ለሌላዋ። የዚህኛውን ዊጆ የምትመራው የወይዘሮ ገነቴ ጎረቤት መርየም ናት፤ የፕሮቴስታንቱም የሙስሊሙም ቤት ሴቶች አሉበት። ከሌላው መንደር ዊጆ የሚለይበት አንድ ደንብ አለው። ባለተራዋ የማንንም ቅቤ አትመዝንም፤ ቃልም አይወጣትም። ደንቡ የወጣው ቀደም ሲል አንዲት ባለተራ ጎረቤቷን «ያንቺ ውሃ በዝቶበታል» ብላ ማኅበሩን ለሁለት ከከፈለችው በኋላ ነው። ዝምታው ሰላም አመጣ፤ ሌላም ልማድ አመጣ። ባለተራዋ መልስ መስጠት ስለማትችል ቅቤ ያመጣች ሁሉ እየጎነተለቻት ነው የምታስቀምጠው።

የዚያን ቀን ባለተራዋ ራሷ መርየም ነበረች። ከበሩ ትይዩ ተቀምጣለች፤ ሴቶቹ በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤያቸውን ይዘው አንድ በአንድ ይገባሉ።

«መርየም ቅቤ ስታነጥር የምናውቀው በመዓዛው አይደለም» አለች የመጀመሪያዋ፤ «ልጆቹን ‹አትንኩ!› ብላ ስትጮህ ነው።»

«ባሏ ወጡ ጨው እንዳነሰው ለኛ ነው የሚነግረን። እሷን አይደፍርም» አለች ሁለተኛዋ።

«እኔ ስወልድ ግን» አለች ሦስተኛዋ ጥቅሏን እያስቀመጠች፤ «ሳልነቃ ወንዝ ወርዳ ውሃ የሞላችልኝ ማን ነበረች? ስጠይቃት ‹አላውቅም› ያለችኝስ?»

መርየም አፏን ገጥማ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ቅቤው ተሰብስቦ ሲያልቅ ጵርስቅላ አንድ ነገር አስተዋለች። መርየምን ከዚህ ቀደም ከራሷ አንደበት ብዙ ሰምታት ታውቃለች፤ ዛሬ አንድ ቃል ሳትናገር ግን ይበልጥ አወቀቻት።

የጻፈችውን ሁሉ ትታ እንደ አዲስ ጀመረች። ልብ ወለዱ ከዚያ ወዲህ የዘመን ቅደም ተከተል የለውም። እያንዳንዱ ምዕራፍ የአንድ ሰው ተራ ነው። የቀሩት የቤቱ ሰዎችና ጎረቤቶች ስለ ባለተራው የሚያውቁትን አምጥተው ያስቀምጣሉ፤ ባለተራው በራሱ ምዕራፍ አይናገርም። የሁለት ሰው ወሬ ሲጋጭ ሁለቱም እንዳሉ ይቀመጣሉ። ስለዚህ ቤቱ በአንዱ ምዕራፍ ከበረዶው በፊት፣ በሌላው ከበረዶው በኋላ ተሠርቷል፤ በሁለቱም ሰው ይኖርበታል። ስም ለመቀየርም ሞክራ ነበር፤ ዓለሚቱ «በሌላ ስም ከተጠራሁ ሲሰድቡኝ ማን እንደሆነች አላውቅም» ስላለች ተወችው። የአማቷ ስም በሚመጣበት ቦታ ብቻ ባዶ መስመር ትተዋለች፤ አክሊሉ ቅዳሜ ከሰዓት በቢሮው የጽሕፈት መኪና ሲተይብ ይሞላዋል።

ወሬው የከተማው ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ደረሰ። የባህል ኮሚቴው ተጠሪ መንገድ ላይ አስቁሟት «ጓድ ጵርስቅላ፣ የሰፊው ሕዝብ ጀግና ማን ነው በመጽሐፉ?» አላት።

«ተራ በተራ ናቸው» አለችው።

ሰውየው ትንሽ አሰበና «በኅብረት ማለትሽ ነው?» አለ። «አዎ» ስትለው ረክቶ ሄደ።

አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት የሚሠራ የአክሊሉ ጓደኛ ጽሑፉን ተቀብሎ ለአዘጋጆቹ ለማሳየት ቃል ገብቷል። የቀረው የአቶ ላፌቦ ፈቃድ ነበር። የሳቸው ምዕራፍ ከሁሉም ይረዝማል፤ ሌሎቹ ሁሉ ወደሱ ይመለሳሉ፤ እሱ ከወጣ የሚቀር መጽሐፍ የለም። ጵርስቅላ በምን ቀን፣ በምን አኳኋን እንደምትነግራቸው ስታስብ ዓለሚቱ ቀደመቻት። ለጓደኛዋ ነገረች፤ ጓደኛዋ ለአባቷ፤ አባትየው ሽብሩ የሚባሉ የአቶ ላፌቦ የዕድሜ እኩያ ናቸው። በሆሳዕና ቅዳሜ ገበያ ከብት ተራ ውስጥ ሰው በተሰበሰበበት ጮክ ብለው እንዲህ አሉ፦

«ላፌቦ! ምራትህ መጽሐፍ ውስጥ ዲዳ አድርጋሃለች አሉ። እግዜር ይስጥልን፤ እኛም ትንሽ እንረፍ!»

አቶ ላፌቦ ሊሸጡት ያመጡትን ወይፈን ለሰው አደራ ብለው በቀጥታ ልጃቸው ቤት መጡ። ተቀመጡ ቢሏቸው አልተቀመጡም።

«ልጄ» አሉ በዱላቸው ተደግፈው። «አንድ ነገር ሰማሁ።»

«ምን ሰሙ አባባ?»

«መጽሐፍሽ ውስጥ ዓለሚቱ ትናገራለች?»

«ትናገራለች።»

«መርየም፣ የጎረቤት ሴት፣ ትናገራለች?»

«ይናገራሉ።»

«እኔስ?»

«በሌሎቹ ምዕራፎች ብዙ ይናገራሉ አባባ። በራስዎ ተራ ላይ ብቻ ነው...»

«በራሴ ቤት ዝም!» አሉ አቶ ላፌቦ። «ወሰን የተጣላ ሰው ቃሌን ለመስማት ከሾኔ ድረስ ይመጣል። ምራቴ ግን የበር መቃን አደረገችኝ።»

ጵርስቅላ የዊጆውን ደንብ አስረዳቻቸው። አንገታቸውን አዘንብለው ሰሟት።

«ዊጆ የሴት ነገር ነው» አሉ። «ወንድ ቅቤ ይበላል እንጂ ስለ ቅቤ አይመከርም።»

«አባባ፣ እስቲ መጀመሪያ...» አለ አክሊሉ።

«አንተ ዝም በል። ዲዳነቴን በመኪና የተየብከው አንተ ነህ አሉ።»

ጵርስቅላ ሳቋን ዋጠችው። ከዚያ ዐይኗን መሬት ላይ አድርጋ፣ ለአማት እንደሚነገር በለሆሳስ ጠየቀቻቸው።

«አባባ፣ ሰው ደጅዎ ሲመጣ ነገሩን ሳይሰሙ ፈርደው ያውቃሉ?»

አቶ ላፌቦ በዱላቸው ወለሉን መታ መታ አደረጉ። «አላውቅም።»

«ለመስቀል ሁሉም ሰው ባለበት ላንብብልዎ። ሰምተው አይሆንም ካሉ ሳጥን ውስጥ ከትቼ እቆልፍበታለሁ። አንድ ገጽ አዲስ አበባ አይሄድም።»

«ትቆልፊበታለሽ?»

«እቆልፍበታለሁ።»

ያን ጊዜ ተቀመጡ። የቀረበላቸውን ጠጥተው ወደ ወይፈናቸው ከተመለሱ በኋላ አክሊሉ ሚስቱን «የምርሽን ነው?» አላት።

«የምሬን ነው። ያለ ፈቃዳቸው አማቴን ገበያ አላወጣም» አለች። ድምፅዋ ግን የጸና አልነበረም፤ ሁለት ዓመት የለፋችበት ነገር ነው።

መስቀል መጣ። በሬው ታርዶ ሥጋው ተከፋፈለ፤ በማግስቱ ከቡላ፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራው አተካና ተበላ። ከሰዓት በኋላ ቤተ ዘመዱና ጎረቤቱ የአቶ ላፌቦ ቤት ውስጥ ተሰበሰበ። መቀመጫ አልጎደለም። የመንደሩ ጸሎት ቤት በመንግሥት ከታሸገ ጀምሮ አግዳሚ ወንበሮቹ ያሉት እዚያ ነው፤ ወንበሮቹ ለማን እንደሆኑ ሲጠየቁ አቶ ላፌቦ «ለእንግዳ» ይላሉ፣ ይህችኑም ቃል ረዘም አድርገው። መርየም ከነቤተሰቧ መጥታለች። ሽብሩም ሳይጠሩ መጥተው ከፊት ተቀምጠዋል።

ጵርስቅላ ወረቀቶቿን ይዛ ቆመች። ያልታሰባት ነገር ያኔ ታሰባት። ምዕራፎቹ ሁሉ የሚጀምሩት በአንድ ዓይነት አነጋገር ነው፦ «ይህ የዓለሚቱ ተራ ነው»፣ «ይህ የአክሊሉ ተራ ነው»። ስትጽፍ ባዶ መስመር መተው ቀላል ነበር። ጮክ ብላ ስታነብ ምን እንደምታደርግ አላሰበችበትም፤ ምዕራፉ ውስጥ ደግሞ ስሙ በየገጹ አለ።

«ይህ የ...» አለችና ቆመች።

አቶ ላፌቦ ቅንድባቸውን አነሱ። አግዳሚው ሥር መሬት ላይ የተቀመጡት ልጆች ችግሩን ቀድመው ተረዱት።

«ላፌቦ!» ብለው በአንድ ድምፅ ጮኹ።

ሳቅ ሆነ። ጵርስቅላ «ተራ ነው» ብላ ቀጠለች። ከዚያ ወዲያ ስሙ ጋ በደረሰች ቁጥር ወረቀቱን ዝቅ ታደርጋለች፤ መጀመሪያ ልጆቹ፣ ቀጥሎ ሴቶቹ፣ በመጨረሻም ሽብሩ ሳይቀሩ ቤቱ በሙሉ «ላፌቦ!» ይላል። ከመንገድ የሚያልፉ ሰዎች ምን እንደሆነ ለማየት በሩ ላይ ቆሙ።

መጀመሪያ የዓለሚቱ ወሬ ተነበበ። አባቷ ትምህርት ቤት ሊያስመዘግቧት በእግር ከተማ ወሰዷት፤ ለዲሬክተሩ ስለ ትምህርት ጥቅም ሲያስረዱ የምዝገባው ሰዓት አለፈ። በማግስቱ ተመለሱ። በማግስቱም አስረዱ። ዲሬክተሩ በሦስተኛው ቀን ገና ከሩቅ ሲያያቸው «ተመዝግባለች! ተመዝግባለች!» አለ።

«ያልተባለ ነገር አለ» ብለው አቶ ላፌቦ ብድግ አሉ። «ዲሬክተሩ ያን ቀን...»

«ባለተራ ነዎት!» አለች መርየም ከማዶ። «ይቀመጡ። እኔ ጨው አሳነሰች ስባል ዝም ብዬ የለም?»

ተቀመጡ።

ቀጥሎ የወይዘሮ ገነቴ ወሬ መጣ። ሁለት ሰዎች ወሳ በሚሉት የእንሰት ተክል ድንበር ተጣልተው ተክሉ መሀል ለዕርቅ ተቀመጡ። አቶ ላፌቦ ተናገሩ። እየተናገሩ ደመና መጣ፤ እየተናገሩ ዝናብ ወረደ። ሁለቱ ባላንጣዎች ከአንድ ሰፊ የወሳ ቅጠል ሥር ተጠጋግተው ተጠለሉ፤ ብርድም ስለነበር ተቃቀፉ። ዝናቡ ሲያባራ የተጣሉበትን ረስተውታል። «ሰው ሁሉ ንግግሩ አስታረቃቸው ይላል» ይላል የወይዘሮ ገነቴ ቃል በልብ ወለዱ ውስጥ፤ «እኔ ግን ዝናቡ ነው እላለሁ። ዝናቡ እስኪመጣ ያቆያቸው ንግግሩ መሆኑን ግን አልክድም።»

ሽብሩ ጭናቸውን መቱ። አቶ ላፌቦ አፋቸውን ከፈቱ፤ መርየም ጣቷን አነሣች፤ ዘጉት።

የመጨረሻው የአክሊሉ ነበር። አክሊሉ ልጅ ሳለ ክፉ ወባ ይዞት አባቱ አዝለው ወደ ክሊኒክ ወሰዱት። በመንገዱ ሁሉ አላቋረጡም። ይህ ዋርካ የእገሌ ነው፣ ያ ዋንዛ የእገሌ፣ ከዚያኛው ሥር እንዲህ ያለ ነገር ተፈርዶ ነበር እያሉ። «ገባህ?» ይሉታል፤ «ገባኝ» ካላላቸው እንደገና ይጀምራሉ። አክሊሉ የዚያን መንገድ ዛፎች ባለቤቶች እስከ ዛሬ ያውቃቸዋል። ያወሩለት የነበረው ትኩሳቱ እንዳያሸልበውና ድምፁ እንዳይጠፋባቸው መሆኑን ያወቀው ግን የራሱን ልጅ ትኩሳት ይዟት አንድ ሌሊት ካቀፋት በኋላ ነው።

ጵርስቅላ ወረቀቱን አጠፈች። አቶ ላፌቦ በዱላቸው ጫፍ ወለሉ ላይ የማይታይ ነገር ሲጽፉ ቆዩ። ባለተራነታቸው አልቋል፤ መናገር ይችላሉ፤ ሁሉም ይህን ያውቃል፤ እየጠበቀም ነው።

«ይሄ ሰውዬ» አሉ በመጨረሻ አቶ ላፌቦ፤ «ብዙ ያወራል።»

ሳቁ እስኪያልፍ ታገሡ። «ዝም አስባልሽኝ ብዬ ተቆጥቼ ነበር ልጄ። ሁሉም በኔ አፍ ሲያወራ ነው የዋለው። አንድ ነገር ብቻ ጎድሏል። የእናትየው ተራ የታለ?»

«እማማ እምቢ አሉኝ» አለች ጵርስቅላ። «‹ተራዬን ለሌላ ሰጥቻለሁ፣ ሌላውን ጻፊ› አሉ። በየጊዜው ጠይቄያቸዋለሁ።»

«ዊጆውም ላይ እንዲሁ ናት» አለች መርየም። «ሁልጊዜ ለወለደች፣ ለታመመች እያለች ታሳልፋለች።»

«እንግዲያ ፍርዴ ይኸው ነው» አሉ አቶ ላፌቦ። «እኔ በተራዬ ዝም ያልኩ እንደሆነ እሷም ዝም ትላለች። ያለ እሷ ተራ መጽሐፉ ከሳጥን አይወጣም። የመጀመሪያውን ቅቤ የማመጣው ደግሞ እኔ ነኝ።»

«ወንድ ስለ ቅቤ አይመከርም አላሉም?» አለ አክሊሉ።

«ዝም በል አልኩህ እኮ።» ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «ይቺ ሴት ከአባቷ ቤት ስትመጣ...»

«ውሸት ነው!» አሉ ወይዘሮ ገነቴ።

«ገና ምንም አላልኩም!»

«ባለተራ አትናገርም!» አለ ቤቱ በሙሉ። ወይዘሮ ገነቴ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

አቶ ላፌቦ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ከዚህ በፊት ይህን ሲያደርጉ ያየ ሰው የለም። «እናንተ ደጄ ድረስ የምትመጡት ላፌቦ ነገር ያውቃል ብላችሁ ነው። ሽብሩ፣ አንተም መጥተህ ታውቃለህ። ነገሩን ሰምቼ ለምንድነው ሁልጊዜ ‹ነገ ተመለሱ› የምለው? ማታ ለሷ እነግራታለሁ። እሷ እሳቱን እየቆሰቆሰች በአንድ ቃል ትፈርደዋለች። ‹ድንበሩ የታችኛው ነው› ትላለች፣ ወይም ‹ሁለቱም ይዋሻሉ›። በማግስቱ የምነግራችሁ እሱኑ ነው። የኔ ሥራ ማስረዘም ብቻ ነው።»

ሽብሩ ጭንቅላታቸውን ይዘው «ስለዚህ የኔን መሬት የፈረደችብኝ ገነቴ ናት?» ሲሉ አግዳሚዎቹ በሳቅ ተንቀጠቀጡ። ወይዘሮ ገነቴ በሻሻቸው ውስጥ አንድ ነገር አጉተመተሙ፤ ልጆቹ እየዘለሉ «አይቻልም! አይቻልም!» አሏቸው።

ጵርስቅላ ባዶ ወረቀት አልያዘችም። ያነበበችውን ምዕራፍ ገልብጣ በጀርባው ትጽፍ ጀመር።

«ጻፍሽው?» አሉ አቶ ላፌቦ።

«ጻፍኩት አባባ።»

«በይ ላኪው። ግን ቆይ፣ ገና መጀመሬ ነው። ይቺ ሴት ከአባቷ ቤት ስትመጣ...»

ወይዘሮ ገነቴ ወደ ዓለሚቱ ዘንበል ብለው በጣታቸው ጠየቁ፦ ተራዬ የሚያልቀው መቼ ነው?

«አባባ ሲጨርሱ» አለች ዓለሚቱ።

«እንግዲያ» አለች መርየም ነጠላዋን አጣጥፋ ራሷ ሥር እያደረገች፤ «ማደሪያ አዘጋጁልን።»